በሩቅ የተመደበ ሠራተኛ ዕውቀቱ እንዳይዝግ



በዚህ ዓምድ ስለ መንግሥት ሠራተኛ ትጋትና ስንፍና፣ የሥራ ሰዓት ስለ ማክበር፣ ባለጉዳይን ስለ ማመላለስ አያሌ ጽሑፎች ወጥተዋል። መውጣታቸውም የተገባ ነው። ነገር ግን ጸሐፊዎቹም አንባቢዎቹም በአብዛኛው ከተሜዎች ስለ ሆንን፣ «የመንግሥት ሠራተኛ» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጠረጴዛ፣ ማኅተምና በር ላይ የተሰለፈ ባለጉዳይ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ርቆ፣ አለቃውን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ እያየ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ለብቻው የሚሠራው ሠራተኛ አይታሰበንም። ስለዚህ ሰው፣ ይልቁንም አንድ ጊዜ ከተመደበ በኋላ በሙያው የሚያሳድገው ማን እንደ ሆነ ጥቂት ለመጻፍ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

የማስተምረው በሸዋ ሮቢት ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለው የጣርማ በር ዋሻ ሲወጡ ብርዱ በኋላዎ ይቀርና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ደብረ ሲናን አልፈው ጥቂት እንደ ተጓዙ፣ 1300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የቆላው ሙቀት ይቀበልዎታል። ማሽላው፣ ማሾው፣ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ሁሉ እዚያ ነው፤ ወባውም እዚያው ነው። ከተማዋ ካዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ አስፋልት ላይም ስለ ሆነች ሩቅ ናት አያሰኝም። ሩቅ የሚባለው ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ወርደው ወደ አፋር የሚጠጉት ቀበሌዎችና ወደ ምዕራብ ደግሞ በገደሉ ሥር የተንጠለጠሉት ናቸው። ርቀት መቼም በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። የዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን ዳገቱ ላይ ነው፤ የክልሉ ከተማ ባሕር ዳር ግን በአዲስ አበባ በኩል ከዞሩ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቆላ ቀበሌ የተነሣ አንድ ጥያቄ ወረዳውንና ዞኑን አልፎ ክልል ቢሮ እስኪደርስ፣ መልሱም በመጣበት እስኪመለስ፣ ጠያቂው ራሱ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ቀበሌዎች ውስጥ የመንግሥት እጅና እግር የሆኑት ጥቂት ወጣቶች ናቸው። በጤና ኬላው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሦስት ያህል የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህራን፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ። አብዛኞቹ ከኮሌጅ እንደ ወጡ የመጡ ናቸው። ገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጡ ከብዙዎቹ ጋር እንገናኛለን፤ አንዳንዶቹም እኛው ያስተማርናቸው ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሲያወሩ ስለ ሥራቸው ነው፤ ይህን ሞከርሁ፣ ያ አልሆነልኝም ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት ወሬው ስለ ዝውውር ይሆናል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ስለ ሥራው ቢጠይቋቸው «ደህና ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ይህ «ደህና ነው» የሚሉት ቃል ከማናቸውም ምሬት ይልቅ ያሳዝነኛል። ይዘውት የመጡት ዕውቀት ግማሹ ተረስቶ፣ በምትኩ የተጨመረ አንዳች ነገር እንደሌለ ይናገራልና።

የከተማው ሠራተኛ ይህን ኑሮ አንድ ጊዜ ቀምሶታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን እንደ ገባ፣ የፌዴራሉ መንግሥት አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ማዘዙን አንባቢ ያስታውሳል። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼን በስልክ ስጠይቃቸው፣ ከሥራው ብዛት ይልቅ ያስቸገራቸው ዘወር ብለው የሚጠይቁት ሰው ማጣታቸው ነበር። ቢሮ ሳሉ አንድ ሒሳብ ወይም አንድ ደብዳቤ ሲያደናግራቸው ወደ ጎን ዞር ብለው «ይህ እንዴት ነው?» ይሉ ነበር፤ ጎረቤቱም ሻዩን እየጠጣ ያስረዳቸዋል። ማንም ሥልጠና ብሎ አልጠራውም፤ ለዚህ ተብሎ የተከፈለ አበልም የለም። ሆኖም የከተማው ሠራተኛ ከሚያውቀው አብዛኛውን የተማረው በዚሁ መንገድ ነው። የቀበሌው ሠራተኛ የጎደለውም ይኸው ነው፤ የርሱ ደግሞ ለጥቂት ወራት ሳይሆን ለዘለቄታው ነው።

«ወረዳው ይጎበኛቸው የለምን?» የሚል ይኖራል። ይጎበኛል። ጉብኝቱም «ድጋፍና ክትትል» የሚባል መልካም ስም አለው። እኔ እንዳየሁት ግን ክትትሉ ሲደርስ ድጋፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ከወረዳ ወይም ከዞን የመጣው ቡድን መኪናው ሳይጠፋ ቅጽ ያወጣል፤ ዕቅድ ተለጥፏል ወይ? ቃለ ጉባኤ አለ ወይ? የተሠራው በመቶኛ ስንት ነው? ባሉት ሳጥኖች ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የጉብኝት መዝገቡ ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ይበልጥ ይጠናከር» ብሎ ይፈርማል፤ ሌላ ሦስት ቀበሌ በዚያው ቀን ማዳረስ ስላለበት ይሄዳል። ይበልጥ ይጠናከር የሚለው ቃል በስንት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይሆን? እንዴት እንደሚጠናከር ግን አልተነገረም። በዚህ ጎብኚዎቹን ብቻ አልነቅፍም፤ እነርሱም በበላያቸው ላለው የሚያቀርቡት ያንኑ ቅጽ ነውና።

በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ በገጠር ጥቂት ቅርንጫፎች ስለ ነበሩት፣ አንድ ሸምገል ያሉ መምህር በየወሰነ ትምህርቱ ይዞሩ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር በመጨረሻው አግዳሚ ይቀመጣሉ፤ ሲያዳምጡ አንዳች አይጽፉም። ማታ ከመምህራኑ ጋር ሻይ ይዘው የሚጠይቁት ከየትኛው ትምህርት ላይ እንደ ተቸገሩ ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ትምህርት ራሳቸው ቆመው ያስተምሩና መምህሩ ያያል። ሲሄዱም አንድ ሣጥን መጻሕፍት ትተው ባለፈው ጊዜ የተዉትን ይዘው ይመለሳሉ። ድካምና ወጪው የሣጥኑ ጭነት ብቻ ነበር። የገጠር ቅርንጫፎቹ ልጆች ወደኛ ሲዛወሩ ከኛ አንሰው አልመጡም።

ይህን የምጠቅሰው የድሮው ሁሉ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። አገራችን ራሷ በቅርብ ዘመን ይህንኑ በሰፊው ሠርታ አሳይታለች። ምሳሌዬ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ ጥቂት በዝርዝር ባወራው አንባቢ ይታገሠኝ።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ይሠለጥኑና ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው፣ 5000 ያህል ሕዝብ ላለበት፣ ይመደቡ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። በመጀመሪያ ሥራቸው በአብዛኛው ማስተማርና መከላከል ነበር፤ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወባ አጎበር። ሕፃን በሳንባ ምች ታምሞ ወደ ጤና ኬላ ቢመጣ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ በቀር መድኃኒት እንዲሰጡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ከቆላ ቀበሌ ጤና ጣቢያ መድረስ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለወላጅ አልነግረውም። አንድ ዓመት የሠለጠነች ልጅ እንዴት ፀረ ተዋሲያን መድኃኒት ትሰጣለች የሚለው ሥጋት በባለሙያዎች ዘንድ ለዓመታት ሲያከራክር ቆየና፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈቀደ። ስድስት ቀን ሠልጥነው ሳንባ ምችን፣ ተቅማጥን፣ ወባንና የምግብ እጥረትን በአንድነት እንዲያክሙ ተደረገ።

ስድስት ቀን ጥቂት ነው። ለዚህም ነው የነገሩ ቁም ነገር ከሥልጠናው በኋላ የመጣው። እያንዳንዱ የታመመ ሕፃን በአንድ ሰፊ መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ዕድሜው፣ በደቂቃ የተነፈሰው ቁጥር፣ የበሽታው ስም፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ። ደንቡ ግልጽ ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። እንግዲህ ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ሥራው መዝገቡን ከልጅቱ ጋር አብሮ ማንበብ ነበር። የሰባት ወር ሕፃን፣ ትንፋሽ 56፣ በሽታው «ጉንፋን»፣ መድኃኒት የለም ተብሎ ከተጻፈ፣ መስመሩ ራሱ ይናገራል። ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ሳይገመገም፣ «ይህችን ተመልከቻት እስቲ፤ 56 ብለሽ ቆጥረሽ ለምን ጉንፋን አልሽው?» ብሎ መነጋገር ይቻላል። ምናልባት ቆጠራው አስቸግሯት ይሆናል፤ ምናልባት መድኃኒቱ አልቆባት፣ የሌላትን ላለመጻፍ ብላ ይሆናል። ሁለቱ ጉድለቶች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ከዚህም ሌላ የአካባቢው ሠራተኞች መዝገባቸውን ይዘው በአንድነት እየተሰበሰቡ ሥራቸውን የሚገመግሙበት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ገብተው የታመሙ ሕፃናትን ከባለሙያ ጋር የሚያዩበት ጊዜ ነበር።

በ113 ወረዳዎች የተደረገ አንድ ጥናት ይህ ክትትል በተደጋገመ ቁጥር በመዝገቡ ላይ የምርመራው፣ የበሽታው ስምና የሕክምናው መስማማት እየተሻሻለ መሄዱን አሳይቷል። እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ከዚህ የተረዳሁት ግን አንድ ነገር ነው። የራቀን ሠራተኛ የሚያሳድገው በአዳራሽ የሚሰጠው ትምህርት ብቻውን አይደለም፤ የገዛ ሥራውን ከርሱ የተሻለ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማየቱ ነው። ይህ ከሌለ ስድስት ቀንም ስድስት ወርም ይተናል።

የሚያሳዝነው ይህ አሠራር በብዛት በውጭ ረድኤት ይደገፍ የነበረ መሆኑ ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ የቆመ ልማድ፣ ገንዘቡ ሲሳሳ አብሮ ይሳሳል።

ስለ ሥልጠና ከተነሣ ዘንድ ስለ አበልም መናገር ግድ ነው፤ አንባቢዎቼ ደብዳቤውን የምትጽፉ ሰዎች ናችሁና። የአምስት ቀን ሥልጠና በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ከወረዳው አንድ ሰው ይላክ ይባላል። ማን ይሄዳል? ብዙ ጊዜ የሚሄደው ደብዳቤው ሲከፈት ቢሮ ውስጥ የተገኘው ነው። እርሱም በመጪው ወር ለሌላ ሥልጠና ሲጠራ ይሄዳል። ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ግን ከቀበሌው ሆኖ ወሬውን ይሰማል። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት «እስከ 12 ድረስ ስም ይላክ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ደብዳቤው ለባለቤቶቹ በ15 እንደ ደረሳቸው አውቃለሁ። የቀበሌው ሠራተኞች ይህንን እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ ሲስቁ ግን ደስ ብሏቸው አይደለም። አበል መከፈሉን አልቃወምም፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ይበላል፣ ያድራል። የምቃወመው ሥልጠና የደመወዝ መደጎሚያ ተደርጎ ለቅርብ ሰው መታደሉን ነው።

ደረጃ ለማሻሻል የሚደረገው ትምህርትም እንዲሁ መታሰብ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የሚያድጉበት የአንድ ዓመት ትምህርት መከፈቱ ለብዙዎቹ ትልቅ ተስፋ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት መንገዱ ዝግ ነበርና። ነገር ግን ከሁለቱ አንዷ ስትሄድ የቀረችው 5000 ሕዝብ ለብቻዋ ተሸክማ ትከርማለች። ዓመቱ ሲያልቅ ሄዳ የተማረችው በእድገት ስትመለስ፣ የቀረችው በድካም ትጠብቃታለች። ተተኪ ሳይዘጋጅ የሚሰጥ ዕድል ለአንዷ ዕድል፣ ለሌላዋ ቅጣት ነው።

ሰው ከሥራው ሳይነቀል የሚማርበት ብልሃት ደግሞ ባገራችን ታይቷል። በ1989 ዓ.ም. ዓለማያ ይባል በነበረው በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሳሳካዋ ፈንድ ድጋፍ፣ ለቆዩ የግብርና ልማት ሠራተኞች የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። ሐሳቡ ቀደም ብሎ በ1993 እ.ኤ.አ. በጋና፣ በኬፕ ኮስት ዩኒቨርሲቲ የተሞከረ ነበር። የሚገባው አዲስ ተማሪ ሳይሆን ዓመታት በገበሬ መካከል የሠራ ሰው ነው። ከትምህርቱም አንዱ ክፍል፣ ተማሪው ወደ መጣበት ወረዳ ተመልሶ፣ ከገበሬዎቹና ከአሠሪው ጋር ተመካክሮ የመረጠውን አንድ ሥራ ለወራት መሥራት ነው፤ መምህሩም እዚያው ድረስ ሄዶ ያየዋል። ነገሩ ከተለመደው የተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ ይበሉ። የቆላው ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የቆላውን ከሚረሳ ይልቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ቆላው ይሄዳል። ስለ ማሾ በሽታ ወይም ስለ ሽንኩርት መበስበስ ከይፋት መስክ ይልቅ የት ይማሩታል? ይህ አሠራር በኋላ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛምቷል።

ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ፣ አዲስ የተቀጠረውም ለሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር እንዲረዳ የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው መልካም ነው፤ ጽፎ ያወጣው ሰው ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን አምስት መምህራን ብቻ ባሉበት የቆላ ትምህርት ቤት አማካሪው ራሱ በሁለተኛ ዓመቱ ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ምን ይምከር? በመጨረሻም 60ው ሰዓት በሰኔ ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ በወረቀት ይሞላል፤ ማኅደረ ተግባሩ ይወፍራል፤ ሱፐርቫይዘሩም ውፍረቱን አይቶ ይፈርማል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ፣ በከተማ ብዙ ሰው በመምህሩ ላይ ተነሣ። ያ ውጤት በአንድ ዓመት የተሠራ አይደለም። ፊደል ካስቆጠረው ከቀበሌው መምህር ይጀምራል፤ እኔ 9ኛ ክፍል ላይ የምቀበለው ልጅ ከዚያ የመጣ ነው። ያን መምህር ግን ላለፉት አሥር ዓመታት ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጦ ያዳመጠው ማን ነው?

እዚህ ላይ በየቢሮው የምሰማውን አንድ ክርክር ሳልጠቅሰው አላልፍም። «ካስተማርነው ይሄድብናል» ይላሉ። እውነት አለበት፤ የሚሄድ አለ። ነገር ግን ያልተማረውም ይሄዳል፤ ልዩነቱ ያልተማረው የሚሄደው በመሰልቸት መሆኑ ነው። ሰው ባለበት ስፍራ እያደገ መሆኑን ካወቀ፣ ሙቀቱንም ወባውንም ለተወሰነ ዓመት ይታገሣል። የማይታገሠው መረሳትን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ቆላ የገባ ከቆላ አይወጣም» የሚለው ፍርሃት አዲስ ምሩቃንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዝውውር ጠያቂ ያደርጋቸዋል። ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላም ወዴት እንደሚሄድ በቁርጥ የተነገረው ሠራተኛ፣ እኔ ባየሁት፣ ሥራውን በልቡ ይይዛል።

በኛ በኩል ያለፈው ዘመን ቀላል እንዳልነበረም አንባቢ ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። «ከእንግዲህ ሁሉም በኢንተርኔት ይሠለጥናል» የሚለውን የከተማ ተስፋ በጥንቃቄ የምሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በቴሌግራም የተላከ መጽሐፍና ቪዲዮ ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ግን የሚቀረው በእጅ ያለ መጽሐፍና በአጎራባች ቀበሌ ያለ የሙያ ጓደኛ ነው። ስለዚህም መሥሪያ ቤቶች አጎራባች ቀበሌዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ቢያጣምሩና ሠራተኞቹ በወር አንድ ቀን በሥራ ሰዓት እየተገናኙ መዝገባቸውን እንዲያነብቡ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌላው እንዲያዳምጥ ቢፈቅዱላቸው፣ መንገድ ሲዘጋም ሰው ብቻውን አይቀርም።

ስልክ ሲኖር ደግሞ እንዴት እንደሚሠራበት አንድ የውጭ ምሳሌ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም፣ ሕሙማን ከሩቅ ገጠር ለሕክምና ሲመላለሱና ወራት ሲጠብቁ አይተው፣ የገጠር ሐኪሞችን በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮና በስልክ መሰብሰብ ጀመሩ። ትምህርት ብቻ አላነበቡላቸውም። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን አንድ በሽተኛ ጉዳይ ያቀርባል፤ ሁሉም ይወያዩበታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በነዚያ የገጠር ሐኪሞች የታከሙት ሕሙማን በዩኒቨርሲቲው ከታከሙት ጋር እኩል መዳናቸውን አሳየ። ብልሃቱ ኤክራኑ ላይ አይደለም፤ የጤና ኬላዋን ልጅ መዝገብ አብሮ ከማንበብ የተለየ ነገር የለውም። በተራ የስልክ ጥሪም ይሠራል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ አምስት ቀበሌዎችን ተራ በተራ ቢያነጋግር የሚወጣው የካርድ ሒሳብ ከአንድ ቀን ውሎ አበል ያንሳል።

እንግዲህ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። የሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድና የድጋፍና ክትትል ቅጽ በሰኔ ሲዘጋጅ፣ ከሳጥኖቹ በታች ሁለት ባዶ መስመር ይጨመር። በአንደኛው ሠራተኛው ከሥራው የትኛው እንዳስቸገረው በራሱ ቃል ይጻፍ፤ በሁለተኛው ጎብኚው በዚያ ቀን ምን እንዳሳየው ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙ። የሚቀጥለው ጎብኚ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያነበው እነዚያን ሁለት መስመሮች ይሁን። የሥልጠና ተራም በስም ዝርዝር ተጽፎ፣ ማን መቼ እንደሚሄድና በሌለበት ማን እንደሚተካው ተጠቅሶ፣ በወረዳው ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ደብዳቤውም ከቀኑ በፊት ይድረስ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሸዋ ሮቢት